መልስ፦ ኢኒግማን የፈታው ቱሪንግ ብቻ ነው?

"የጀርመኖቹን ኢኒግማ የፈታው ቱሪንግ ነው፤ ታዲያ ፖላንዶቹ ለምን ይነሳሉ?" ብለህ ለጠየቅከው፦ ነገሩ የተጀመረው ዋርሶ ስለሆነ ነው። ኢኒግማ ጀርመኖች መልእክታቸውን ወደ ምስጢር ጽሑፍ የሚለውጡበት ማሽን ነበር፤ አላን ቱሪንግ ደግሞ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ ላይ ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለ የ27 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ የማሽኑን የውስጥ ሽቦ አወቃቀር በስሌት ደረሰበት። ፈረንሳዮች ከአንድ ጀርመናዊ የገዙት ሰነድ ረድቶታል፣ አይካድም። እኔን የምትገርመኝ ግን አንዲት ነገር ናት። የማሽኑ የፊደል መምቻ ቁልፎች ከውስጥ ሽቦው ጋር የሚገናኙት በምን ቅደም ተከተል ነው? እንግሊዛዊው የምስጢር ጽሑፍ ፈቺ ዲሊ ኖክስ በዚህች ጥያቄ ተይዞ ቀርቷል። ሬየቭስኪ ደግሞ ጀርመኖች ሥርዓት ወዳድ ናቸውና በፊደል ተራ ቢሆንስ ብሎ ሞከረ። ሆነ! ኖክስ በጁላይ 1939 ዋርሶ አቅራቢያ ከፖላንዶቹ ጋር ተገናኝቶ ይህን ሲሰማ ብግን አለ አሉ።

ፖላንዶቹ ያን ጊዜ ያላቸውን ሁሉ፣ አስመስለው የሠሩትን ማሽን ጭምር፣ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ሰጡ። ቱሪንግን ማሳነሴ አይደለም። ጀርመኖች አሠራራቸውን ሲቀይሩ የድሮው ዘዴ አላዋጣም፤ ቱሪንግ የኢኒግማን ምስጢር ለመፍታት የሚረዳውን "ቦምብ" የተባለ ማሽን በሌላ መንገድ ነደፈ። የሥራ ባልደረባው ጎርደን ዌልችማን የጨመረባት የሽቦ ሰሌዳ ደግሞ የማሽኑን ፍጥነት ከፍ አደረገችው። ሌት ተቀን ያንቀሳቅሱት የነበሩት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ምስጢሩ እስከ 1970ዎቹ ስለተዳፈነ ማንም በሰዓቱ አልተመሰገነም። ሬየቭስኪም ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ገብቶ፣ የሠራውን ለማንም ሳይተነፍስ፣ በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ኖረ።