ቀዩ ቀሚስ ለምን ይደንሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ጓደኛዬ ቀይ ባሕር ውስጥ ማታ ጠልቆ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ ደጋግሜ እያየሁት ነው። ቀይ ቀሚስ የመሰለ ነገር ብቻውን ውሃው ውስጥ እየተውለበለበ ይሄዳል። አስጎብኚያቸው ከድንጋይ ላይ በእጁ አንስቶ ሲለቀው ነው አሉ መደነስ የጀመረው። ዓሣ ነው? መርዝ አለው? እኔም በቅርቡ መጥለቅ ልጀምር ስለሆነ፣ ባገኘው እንደዛ ባደርግ ችግር አለው?
እህታችሁ ነኝ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ዓሣ አይደለም፣ ቀንድ አውጣ ነው። ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ። ገና ከእንቁላል ሲወጣ ትንሽዬ ዛጎል ነበረችው፣ ሲያድግ ጣላት።

ጠላቂዎች ስፓኒሽ ዳንሰር (የስፔን ደናሽ) ይሉታል፣ ሲዋኝ ፍላሜንኮ የሚባለውን የስፔን ጭፈራ የምትጨፍር ደናሽ ቀሚስ ስለሚመስል። ሳይንሳዊ ስሙ ሄክሳብራንከስ ሳንጉዊኒየስ ነው። ሄክሳብራንከስ ማለት ስድስት ስንጥብ (ውሃ ውስጥ መተንፈሻ) ያለው ማለት ነው፣ ሳንጉዊኒየስ ደግሞ ደም የመሰለ። ሳንጉዊኒየስ የሚለውን ስም ያወጡለት ሩፔልና ሎይካርት የሚባሉ ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ ናሙናውም የተገኘው እዚያው ጓደኛሽ በጠለቀበት በቀይ ባሕር ነው። ብዙዎቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ከጣት አይበልጡም፤ እሱ ግን ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ቪዲዮውን እንደገና ስታዪው ጀርባው ላይ ከወደ ኋላ አበባ የመሰለ ነገር ፈልጊ። ስንጥቦቹ እነሱ ናቸው፣ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። ራሱ ላይ ደግሞ ሁለት ቀንዶች አሉ። ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ብዙም ስለማያልፍ፣ ምግቡንም ጓደኛውንም የሚያገኘው ቀንዶቹ በሚይዙት ሽታ ነው።

መርዙን በተመለከተ፣ አዎ አለው፣ ግን የራሱ አይደለም። የሚበላው ስፖንጅ ነው፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ፤ ስፖንጁ ደግሞ መርዛማ ነው። ሌላውን የሚያባርረውን መርዝ እሱ በልቶ ቆዳው ውስጥ ያከማቸዋል፣ ለእንቁላሎቹም ያወርሳቸዋል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ዛጎሉን የጣለ፣ መሮጥ የማይችል፣ ለስላሳ ሥጋ ብቻ የሆነ እንስሳ፣ ዓሦች ሊበሉት የማይፈልጉት በሚበላው ምግብ ምክንያት ነው። እንደ ጄሊፊሽ ግን አይናደፍም። እንቁላሎቹን ቀይ ሪባን አስመስሎ እየጠቀለለ ድንጋይ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ጽጌረዳ ነው የሚመስሉት። መርዝ አላቸው ብለሽ ግን ማንም አይነካቸውም እንዳትዪ፣ እነሱኑ የሚበላ ሌላ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ።

አሁን ወደ ዳንሱ። ይሄ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እየተሳበ ነው። ሲሳብ የጀርባውን ጠርዝ ወደ ላይ ጠቅልሎ ስለሚይዘው ደማቁ ቀለም ብዙም አይታይም። ሲረበሽ ነው ጠርዙን በአንዴ ዘርግቶ፣ ሰውነቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፈ ውሃ ውስጥ የሚነሳው። ማንም ሳይነካው የሚዋኝበት ጊዜም አለ። ጓደኛሽ ያየው ግን ሽሽት ነው። ከያዘው ድንጋይ ተነቅሏል፣ ደንግጧል፣ ያ ሁሉ ውበት የድንጋጤ ነው። እባክሽ አትንኪው! አስጎብኚው ላንሳልሽ ቢልሽም አይሆንም በዪው። ጀርባው ላይ አብራው የምትኖር ትንሽ ሽሪምፕም ልትኖር ትችላለች፣ ስንጥቦቹ መሀል ትሸጎጣለች፣ ቀለሟ ከሱ ጋር አንድ ስለሆነ ቶሎ አትታይም። ባትሪሽን ዝቅ አድርገሽ ትንሽ ራቅ ብለሽ ጠብቂ፤ ሲሳብ፣ ቀንዱን ሲያወዛውዝ፣ ስፖንጅ ላይ ተለጥፎ ሲበላ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ። ባለቀለም የባሕር ቀንድ አውጣ ላስገባበት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተወው። ብዙዎቹ አንድ ወይም ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ ነው የሚበሉት፣ ያንን ምግብ፣ ለምሳሌ አንድ የተለየ ስፖንጅ፣ ደግሞ ከየትም አታመጣውም፣ ብታመጣውም ቶሎ ይሞትብሃል። የዓሣ ምግብ ብትጥልለት ዞር ብሎ አያየውም። መጀመሪያ ላይ ደህና ይመስልሃል፣ መስታወቱ ላይ ይሳባል፣ ቀለሙም አለ። እየተራበ መሆኑን የምታውቀው ሰውነቱ እያነሰ ሲሄድ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ምንም ልታደርግለት አትችልም።