«ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ቆንጆ ነበር»

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው አቦ? የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ሳቢያን፣ 24 ዓመቴ። ቀን ፋብሪካ እሰራለሁ ማታ ማታ ከልጆች ጋር ቴአትር እንለማመዳለን፣ አሁን ስራውን ትቼ አዲስ አበባ ልግባ እያልኩ ነው። እናቴ አንተን ቲቪ ላይ ባየች ቁጥር «ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ቆንጆ ነበር» ትላለች፣ እኔ ግን የማውቅህ አባት ሆነህ ስትሰራ ብቻ ነው። ዝና ሲበርድ አያምም? እውነቱን ንገረኝ።

መልስ፦ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ «ነበር» የምትለዋን ግን ብትተዋት ደስ ይለኛል። አንተ ስላልሽኝም ተባረኪ፣ አዲስ አበባ «እርስዎ» ሲሉኝ ባንዴ አስር ዓመት ይጨምሩብኛል፣ ድሬ ግን ሽማግሌውም ህጻኑም አንተ ነው።

ያማል፣ ምን እደብቅሻለሁ። ሀያዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ድራማ ላይ ጎረምሳ ሌባ ሆኜ ሰራሁና ታክሲው ሂሳብ አይቀበለኝም፣ ካፌ ስገባ የማላውቀው ሰው ይከፍልልኛል፣ እኔም የዘላለም መስሎኝ። አርባን ሳልፍ ስልኩ ጭር አለ። አንድ ዳይሬክተር የአባት ቦታ ሲሰጠኝ ስክሪፕቱን በኩርፊያ መለስኩለት፣ ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ ሁለት ዓመት የጎረምሳ ቦታ ስጠብቅ ቆየሁ፣ የመጣው አንድ ብቻ፣ እሱም ቀረጻው እዚሁ ድሬ በግንቦት፣ በዛ ሙቀት ቀለሙ ከላቤ ጋር ወርዶ የነጭ ሸሚዜን ኮሌታ ጥቁር አደረገው። ሜካፕ የምትሰራው ልጅ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ስዞር አንዲት እናት ትኩር ብለው አይተው «አውቅሃለሁ» አሉኝ። ፈገግታዬን አዘጋጀሁ። «የዛ የባቡር ሰራተኛ ልጅ አይደለህ?» አቦ፣ ሌባውን ጭራሽ አላዩትም!

አባቴ ምድር ባቡር ጥገና ላይ ነበር። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ አይደለች እንዴ? ባቡረኛ ማለት ያኔ ትልቅ ሰው ነው፣ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ነው የሚሳደበው። ዛሬ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሏል፣ የከዚራው አሮጌው ለገሃር እንደ ድሮው አይደለም፣ የገበያዋ እናት ግን አባቴን አልረሱትም። ከዛ ወዲህ የአባት ቦታ ሲመጣ እሺ እላለሁ። አባቴ ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዛ «እህህ» ብሎ ይነሳል፣ ያቺን አነሳስ እሱን አስመስዬ ነው የምሰራት፣ አሁንማ ማስመሰሉም ቀርቷል ጉልበቴ ራሱ ያደርገዋል። በሀያ ስምንት ዓመቴ ብሞክራት ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ያንቺን በተመለከተ ስራሽን ባንዴ አትልቀቂ። ፋብሪካው ሲቀጥርሽ ካንቺ 7 በመቶ ከእነሱ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል፣ እኛ በፊልም በፊልም ስንዋዋል ይሄን የሚከፍልልን የለም፣ 60 ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ እና ያጠራቀምኩት ጭብጨባ ብቻ ነው። ዓመት ፈቃድሽን ይዘሽ ሄደሽ ተፈተኚ። ደግሞ ድምፅሽ ላይ ስሪ፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሬዲዮ ላይ ሲተርክ ፊቱን አይተን ነው እንዴ የወደድነው?

እናትሽን ግን የትኛው ድራማ ላይ እንዳየችኝ ጠይቂልኝ እስቲ።