እህቴ፣ መልቀቂያውን ገና እንዳትጽፊው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «34 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ሆቴል ወጥ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም የልብ ቫልቭሽ ጠቧል፣ ከባድ ሥራ አቁሚ አለኝ። አለቃዬ ደግሞ እስከ ሰኞ መልቀቂያ ጻፊና በሰላም እንለያይ ይለኛል። ሥራ አቁማችሁ ቤት የዋላችሁ ሰዎች እንዴት ቻላችሁት?» ነው ያልሽው።

እኔም የቫልቭ በሽተኛ ነኝ፤ ቫልቭ ደም የሚያሳልፈው የልብ በር ማለት ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። 14 ዓመት ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ጎንደር ተመላልሻለሁ። ሲሚንቶ ጭኜ እወርዳለሁ፣ ሰሊጥ ጭኜ እወጣለሁ። ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እንዴት ቻልከው ካልሽኝ፣ መጀመሪያ አልቻልኩትም። እሱን እነግርሻለሁ። ግን መልቀቂያውን እንዳትጽፊ። ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ጠብቂ።

በሽታው ሲጀምረኝ ልብ ነው ብዬ አላሰብኩም። ጭነት ሳስር ትንፋሽ ያጥረኛል። ሸራ ልወጥር ላይ ስወጣ ረዳቴ «ጋሼ ውረድ፣ እኔ አስረዋለሁ» ይለኛል፤ እቆጣዋለሁ። ሌሊት ጋቢና ውስጥ በጀርባዬ ስተኛ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ቁጭ ስል ይለቀኛል። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሌላው አስም ነው አለ። መቼም የእኛ አገር ክሊኒክ ታይፎይድ ሳያገኝብሽ አይሸኝሽም። ኪኒኑን ውጬ መሪዬን ይዤ መተማ መንገድ ላይ ወዳለችው ገንዳ ውሃ ከተማ።

የነቃሁት በጥምቀት ነው። ከፋሲል መዋኛ ታቦት ሸኝተን ወደ ፒያሳ እየተመለስን ነበር። ያችን ዳገት በልጅነቴ በሩጫ ነበር የምወጣት። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እጄን ይዛለች። ሦስት ጊዜ ቆምኩ። በሦስተኛው «አባባ፣ ልዘልህ?» አለችኝ። አጠገባችን ያሉት ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ጠርዙ እግሬ ላይ ቦይ ሠርቶ ጠበቀኝ። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ እንደ ሊጥ። ባለቤቴ አየችው። ምንም ሳትለኝ በነጋታው ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሣሁ። ሐኪሙ የጠየቀኝ ስለ አሁኑ ሳይሆን ስለ ልጅነቴ ነው። ጉሮሮህን ያምህ ነበር? ጉልበትህና ቁርጭምጭሚትህ እያበጠ ያስቸግርህ ነበር? አዎ። እንጥሌንም አስቆርጠውኛል፣ እንደ አብዛኛው የእኛ ዕድሜ ሰው። እንጥል መቁረጥ ለዚህ ምንም እንደማይፈይድ ያኔ ማን ያውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነት የሚይዘው አንድ ዓይነት የቶንሲል በሽታ በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ተሐዋሲውን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን የልብ ቫልቭ ያቆስላል። ቁስሉ ዓመታት ቆይቶ ይጠነክራል፣ ቫልቩም በደንብ አልከፈት ይላል። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሳንባ ላይ ይጫናል። ፊልትሮው የታፈነ መኪና ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ መልቀቂያው።

ሐኪሙ ማሽከርከር አቁም ሲለኝ የፈራሁት መሞትን አልነበረም። ጓደኞቼ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው «እገሌ እኮ ልቡ አለቀለት» ሲሉ ታየኝ። እነሱ ሳይሰሙ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። የአስተዳደር ኃላፊውም እንዳንቺ አለቃ «በሰላም» ይል ነበር። ስምሪት ክፍል አስቀምጡኝ ብዬ ለመንኩ፣ ቦታ የለም አሉኝ። ተናደድኩ። አንድ መስመር ጻፍኩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ። መዝገብ ቤት ሰጠሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ አነበበችው። ማኅተሙን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። «የሐኪም ወረቀትህ የታለ?» አለችኝ። ቤት ነው አልኳት። «እንግዲያው ይሄን ዛሬ አላየሁም። ነገ ያንን ይዘህ ና።»

ያቺ ሴትዮ ቤቴን ነው ያዳነችው። በጡረታ ሕጉ በፈቃዱ የለቀቀ ሰውና በሕክምና ማስረጃ ከሥራ የተሰናበተ ሰው እኩል አይታዩም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ጤናው ለሥራ አያበቃውም ተብሎ በሐኪም ተረጋግጦ ሲሰናበት፣ 60 ዓመት እስኪሞላው ሳይጠብቅ የጤና ጉድለት ጡረታ ይፈቅድለታል። አንቺ 11 ዓመት ሠርተሻል። አለቃሽ የሚላትን ወረቀት ብትጽፊ ግን ይህን መብት በገዛ እጅሽ ነው የምታበላሺው።

ሕመም ፈቃድም አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይሰጥሻል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። እኔ ይህን ጊዜ ነው ለሜዲካል ቦርዱ፣ ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆንሽን ለሚወስነው የሐኪሞች ቡድን፣ የተጠቀምኩበት። ደግሞ ሆቴሉ ጡረታሽን በእርግጥ ገቢ ሲያደርግልሽ መቆየቱን አጣሪ። ከደመወዝሽ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ እሱ ደግሞ 11 ከመቶ ይጨምራል። ቆርጦ የማያስገባ ሞልቷል። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ ጡረታ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝሽ ነው። የሹፌር ኑሮ በአበል ነው፣ አንቺም ጉርሻና ሰርቪስ ቻርጅ ይኖርሻል። እነሱ አይቆጠሩም። እኔ የማገኘው ከደመወዜ ሲሶ ብዙም አይበልጥም። ደብዳቤውን ሳነብ አንጀቴ ቅጥል አለ። ግን በየወሩ ይገባል። ለልጄ ትምህርት ቤት ይበቃል።

የቤት መዋሉን ነገር እንግዲህ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። 14 ዓመት በዚያ ሰዓት ነው ሞተር ያሞቅሁት። ጎረቤታችን አይሱዙ አለው። ሲያስነሣው ተኝቼ አዳምጣለሁ። ኖዝሉ፣ ነዳጅ የሚረጨው፣ እንደሚያንኳኳ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ለሁለት ወር ያህል አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ እኔም እንጃ፤ ቅናት ይመስለኛል። ባለቤቴ ስትወጣ እኔ ቤት መቅረቴ ያሳፍረኛል። ሰው ሲመጣ ጋቢ ለብሼ እንዳይገኝብኝ በጠዋት ሸሚዝ እለብስና ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ከልጄ ጋር በረባ ባልረባው እጣላ ነበር።

መቼ ቀለለኝ? ለጎረቤቴ የኖዝሉን ነገር የነገርኩት ቀን ይመስለኛል። መካኒክ ጋ ወሰደው፣ እውነትም እሱ ሆነ። ከዚያ ሌላ ሹፌር ይዞ መጣ። አሁን አዘዞ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ዘይት፣ አምፖል፣ ቺንጊያ እሸጣለሁ። ልጆቹ መኪናቸውን አቁመው «ጋሼ፣ እስቲ ስማልኝ» ይላሉ። ከምሳ በኋላ ዘግቼ እተኛለሁ። ገቢው ያን ያህል አይደለም። መሪውም አሁንም ይናፍቀኛል፣ በተለይ ሰሊጥ ሲደርስ።

ስለ መድኃኒት ሐኪምሽ የነገረሽን ያዢ። እኔ የደረሰብኝን ብቻ ልንገርሽ። በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ። ያማል፣ መቀመጫሽ ላይ ጠጠር የቀረ ይመስላል። አንዱንም እንዳትዘይ፤ ጉሮሮው ተመልሶ እንዳይመጣና ቫልቩን እንዳይጨምርበት ነው። ሽንት የሚያበዛውን ላሲክስ ጠዋት ነው የምወስደው፣ ማታ ከወሰድሽው እንቅልፍ የለም። ልቤ ምቱን ስለሚያዛባ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪንም አለብኝ፤ ላንቺ ላይታዘዝልሽ ይችላል። ከታዘዘልሽ ግን ጎመን ላይ ጠንቀቅ በይ። በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ጎመን አበዛሁና የደሜን መቅጠን የሚለካው አይኤንአሬ ከ2 በታች ወረደ። ነርሷ ምን በላህ ብላ አፋጠጠችኝ። አትብላ አላለችኝም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ አይለዋወጥ ነው ያለችው። ለራስ ምታትም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ እውጥ ነበር። ከዋርፋሪን ጋር እንደሚያደማ የሰማሁት ቆይቼ ነው።

አንቺ ወጥ የምትሠሪ ሰው ነሽና ጨው መቀነስ ይከብድሻል። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። እኛ ቤት አሁን ያለ ጨው ነው የምናስፈጨው። ልጅ መውለድ ካሰብሽ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪው። ዋርፋሪን ጽንሱን ይጎዳል፣ እርግዝናው ራሱም ለጠበበ ቫልቭ ሸክም ነው። ይህን ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም።

እናቴ መድኃኒቱን ጥለህ ጸበል ግባ ብላኝ ነበር። አለቀሰች። ጸበሉንም ገባሁ፣ ኪኒኑንም አላቆምኩም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «በጸበሉ ዋጠው» አሉኝ። እናቴም ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ ትደውልልኛለች።

ሥራ መተው ሳያስፈልግሽም ይቀር ይሆናል። ምድጃና ድስት ማንሣቱ ነው ያንቺ ችግር። ሆቴል ውስጥ ካሸር አለ፣ ስቶር አለ። ሐኪምሽ «ቀላል ሥራ» ብሎ በጽሑፍ ይስጥሽና ዝውውር ጠይቂ፤ ጥያቄሽንም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አድርጊው። እኔ እምቢ ተባልኩ፣ አንቺን እሺ ሊሉሽ ይችላሉ።

ሰኞ ስትሄጂ የኢኮውን ውጤትና የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ያዢ። ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ። ኮፒውን የሚቀበልሽ ሰው ሁለተኛው ኮፒ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። አለቃሽ መልቀቂያው የታለ ካለሽ፣ ቦርድ እየጠበቅሁ ነው በይው።