የተወጋም ይረሳል

ልጆቼ፣

ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ሸክላ ነው። ለንደን ተወልዳ ያደገችው የእህቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ክረምት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ከመደርደሪያዬ አንድ ሸክላ መዘዘችና "አባባ፣ ይህንን ሰውዬ እስከ አሁን ያዳምጡታል?" አለችኝ። ድምጿ የሻገተ እንጀራ መሶብ ውስጥ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር።

ሰውዬው ሞሪሲ ነው። ዕድሜው ከስልሳ አልፏል፤ እኔ በወጣትነቴ የወደድኩት ዘፋኝ ሲሆን፣ እሷ የምታውቀው ስደተኛ ይብቃን ከሚሉ ወገኖች ጎን የቆመ ሽማግሌ አድርጋ ነው። ያን ቀን የመለስኩላት መልስ አላረካትም፤ እኔንም አላረካኝም። ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ በሙዚቃ ልመክራችሁ አልችልም። ስለ ሰው አገር ኑሮና በተለይ ስለ አይሪሾች፣ ማለትም ስለ አየርላንድ ሰዎች ግን የማውቀው ነገር አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በሁለት መቁጠሪያ መኖር እኔንም ሰልችቶኛል።

ሞሪሲ በ1959 ማንቸስተር አጠገብ ተወለደ። እናትና አባቱ ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን የመጡ ካቶሊኮች ናቸው። በ1982 ከጆኒ ማር ጋር ዘ ስሚዝስ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። የማር ወላጆችም ከአየርላንድ፣ ከኪልዴር የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ የቀሩት ሁለት አባላትም አይሪሽ ደም አላቸው። እንግሊዞች "ከእኛ ወዲያ እንግሊዛዊ የለም" ብለው የሚኮሩበት ይህ ባንድ የስደተኛ ልጆች ስብስብ ነበር ማለት ነው። እኔ በዚያ ዘመን በሰሜን ለንደን አንዲት እርጥብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ትዝታና እንጉርጉሮ ሰምቶ ላደገ ሰው፣ ብቸኝነቱን ሳያፍር የሚያንጎራጉር ነጭ መስማት ትልቅ ነገር ነበር።

አይሪሾችን የማውቃቸው ግን በአካፋና በዶማ ነው። በ1979 ለንደን ስገባ ማታ እማራለሁ፣ ቀን የቀን ሥራ እፈልጋለሁ። ጎህ ሳይቀድ ክሪክልውድ፣ ክራውን ከሚባለው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ወንዶች ይሰለፉ ነበር። ሚኒባሶች ይመጣሉ፤ አንድ ሰው በመስኮት ጣቱን አውጥቶ "አንተ፣ አንተ፣ አንተ" ይላል። የተጠቆመ ይገባል፣ ያልተጠቆመ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ሦስት ቀን ቆሜ የጠቆመኝ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ከሜዮ አውራጃ የመጡ አንድ ፎርማን አይተውኝ "ይሄም እንደ እናንተ ሁለት እጅ አለው" አሉና በሩን ከፈቱልኝ። ያንን በር ባይከፍቱልኝ ኖሮ መሃንዲስ መሆኔን እንጃ።

ክፍያው በእጅ ነበር። ግብር የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ጡረታ የለም። ያኔ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር የምንቀበለው። በ1959 የተከፈተውን የኤም 1 አውራ ጎዳና ከሠሩት፣ ለቪክቶሪያ የምድር ባቡር መስመር ዋሻውን ከቆፈሩት አይሪሾች ብዙዎቹ በእርጅናቸው ካምደን ታውንና ኪልበርን ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ስላልገባ የሚጠይቁት ጡረታ አልነበራቸውም። እናንተ ዛሬ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበላችሁ ምግብ የምታደርሱ ልጆች፣ ይህቺን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡልኝ። ሰው በጀርባው ብቻ የሚቆጠርበት ሥራ ሲያረጅ አያውቀውም።

ፎርማኑ በ1951 ነበር የመጡት፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው። ደብሊን አጠገብ ካለው ከደን ሊሪ ወደብ ሌሊት መርከብ ተሳፈሩ፣ ባሕሩን ተሻግረው ሆሊሄድ ወረዱ፣ ከዚያ በባቡር ለንደን፣ ዩስተን ጣቢያ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ 400,000 ያህል ሰው አየርላንድን ለቅቆ ወጥቷል፤ አብዛኛው ወደ እንግሊዝ። የሚገርመው ሕጉ ነው። በ1949 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ አይሪሾች እንደ ባዕድ አይቆጠሩም ይላል፤ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፣ ነዋሪ ከሆኑ መምረጥ ይችላሉ። በሕግ ባዕድ ያልተባለውን ሰው ግን የሚከራይ ክፍል መስኮት ላይ የተለጠፈ ወረቀት "አይሪሽ አንቀበልም" ይለው ነበር፤ ከአጠገቡም ጥቁር እንደማይቀበል የሚገልጽ መስመር ይከተላል። በቤት ኪራይና በሥራ እንዲህ ማዳላት በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው።

እሳቸው ስለ ወረቀቱ ሲያወሩ ይስቁ ነበር። የማይስቁበት ሌላ ነገር ነበራቸው። በኅዳር 1974 በበርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰው ሞተ። ጥቃቱ የተያያዘው ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማውጣት ከሚዋጋው ከአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር ጋር ነበር። በስምንት ቀን ውስጥ ፓርላማው አዲስ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ፤ ፖሊስ ሰውን ክስ ሳይመሠርት እስከ ሰባት ቀን እንዲይዝ ፈቀደለት። በዚያ ጉዳይ የተፈረደባቸው ስድስት አይሪሾች ንጹሐን መሆናቸው ታውቆ የተፈቱት በ1991 ነው፤ ከ16 ዓመት እስር በኋላ። በበርሚንግሃም አይሪሾች የሚያከብሩት የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ እስከ 1996 ድረስ ቆሞ ቀረ።

ፎርማኑ የሚያስታውሱት ግን ዳቦ መግዛታቸውን ነው። በማግስቱ ሁልጊዜ ከሚገዙበት ሱቅ ገቡ፤ ወረፋ አለ። ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ከፍተው አንድ ቃል ቢናገሩ የአገራቸው ቅላጼ ይወጣል። ስለዚህ ዳቦውን በጣታቸው አሳዩ፤ ሻጯም ሳትናገር ሰጠቻቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ደንበኛዋ ነበሩ። "ጣቴን እንደዚህ" ብለው አሳዩኝ፤ ሲሚንቶ የሰነጠቀውን ጥቁር ጥፍራቸውን ወደ ሻይ ማፍያው ቀስረው። ስደተኛ ከምላሱ በፊት ቆዳው የሚታይበት እኔ፣ ያን ቀን የነጭ ሰው ድምፅ እንዴት እንደሚደበቅ ተማርኩ።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ የራሳችን ነገር ነው። በጥቅምት 1984 ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ አሳየ። ማታውን ተማሪዎች ተሰብስበን ስናለቅስ አደርን። ጠዋት ሳይቱ የሻይ ክፍል ስገባ ጨዋታ የለም፣ ፈረስ ውድድር የሚያነብ የለም። አንድ ቢጫ ሄልሜት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ሳንቲም፣ አምስት ፓውንድ፣ አንድ ሰው ደግሞ የሳምንት ደሞዙን ከነፖስታው ጣለበት። ሞልቶ ወደ እኔ መጣ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ያን ጠዋት እንቁላል በልቼ የመጣሁ፣ ምን ልበል? ተቀበልኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ በምሳ ሰዓት ለአንድ የእርዳታ ድርጅት አደረስኩት።

ለምን እንደዚያ ሰጡ? ፎርማኑን ጠየቅኳቸው። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ በሰበሰ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ፤ የሜዮ መንደሮች ባዶ ቀሩ። በ1847 ደግሞ፣ እነሱ ራሳቸው ከመሬታቸው ተነቅለው የነበሩት ቾክታው የተባሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ለአየርላንድ ገንዘብ ላኩ። ፎርማኑ ይህንን ታሪክ የነገሩኝ ትናንት እንደሆነ አድርገው ነው። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" የምንለው ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ከወር በኋላ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለእኛ ዘፈን ያሳተመው ቦብ ጌልዶፍም የዚያችው የስደተኞች ወደብ፣ የደን ሊሪ ተወላጅ ነው። ሞሪሲ ያንን ዘፈን በአደባባይ አብጠልጥሎታል። በዚህስ አልፈርድበትም፤ ገናን ያውቁ ይሆን ብሎ ለላሊበላ አገር ሰው የሚዘፈን ዘፈን እኔንም አሳፍሮኛል። ገንዘቡን ግን አልናቅኩም።

ሞሪሲ በዚያ ዘመን ንግሥቲቱን የሚተች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ታቸርን አምርሮ የሚጠላ ሰው ነበር። ስለዚህ ከእኛ ወገን ነው ብለን ደመደምን። ጠይቀነው አልነበረም፤ ዜማው ልባችንን ስለነካ ሐሳቡም እንደ እኛ ይመስለናል። በ1992 ፊንስበሪ ፓርክ መድረክ ላይ የእንግሊዝን ባንዲራ ይዞ ሲወጣ ብዙ ሰው ተደናገጠ። በ2007 ስደተኛ ስለበዛ የእንግሊዝ መልክ ጠፋ የሚል ይዘት ያለው ቃለ መጠይቁ በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ወጣ፤ ቃሌ ተጣመመ ብሎ ከመጽሔቱ ጋር ተካሰሰ፤ መጽሔቱም በ2012 ዘረኛ ነው ማለታችን አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በ2018 ግን ፎር ብሪተን የተባለውን፣ እስልምናንና ስደትን የሚቃወም ትንሽ ፓርቲ እንደሚደግፍ ራሱ ተናገረ፤ በ2019 የፓርቲውን ዓርማ ደረቱ ላይ ሰክቶ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዘፈነ። በዚያው ሰሞን በሊቨርፑል አካባቢ ባቡር ጣቢያዎች የተለጠፈው የአልበሙ ማስታወቂያ አንድ ተሳፋሪ ቅር ብሎት እንዲነሳ ተደረገ። ሊቨርፑል እኮ በ1847 ከረሃብ የሸሹት አይሪሾች በመቶ ሺዎች የወረዱባት ወደብ ናት። ሞሪሲ ዘረኛ አይደለሁም ይላል፤ ልቡን የመረመርኩት አይደለሁምና እዚያ ላይ እተወዋለሁ።

የፓርቲው መሥራችና መሪ ግን ደብሊን የተወለደች ሴት ነበረች። ከአየርላንድ ተሰድዳ የመጣች መሪ፣ ከአየርላንድ የተሰደዱ ሰዎች ልጅ የሆነ ደጋፊ፤ በአንድነት ስደተኛው በዛ ይላሉ። ይህንን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በኋላ የእነዚያ መስኮቶች ወረቀት ትዝ አለኝ።

የአይሪሽ ደም ነው ከተባለ ጆኒ ማርም አለ። ያው ከተማ፣ ያው ደም፣ ያው ባንድ፤ ፖለቲካው ግን ከሞሪሲ ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። ስለዚህ ወላጆቼ ተሰድደዋል ብላችሁ በተፈጥሮ ደግ እንደሆናችሁ አትቁጠሩ። መወጋት ብቻውን ሰውን አያስተምርም። አንዳንዱ ቁስሉን እያየ ለሌላው ያዝናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁስሉ ሲድን በሩን ከውስጥ ይዘጋል። ሁለተኛው ዓይነት እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ትናንት ወረቀት ያገኘ የእኛ ሰው ስለ ዛሬዎቹ በጀልባ መጪዎች የሚናገረውን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እስከ ምግብ ቤቱ ሰምቼዋለሁ። እና ተናግሬዋለሁም።

በሜይ 2004 ሞሪሲ "የአይሪሽ ደም፣ የእንግሊዝ ልብ" የሚል ዘፈን አወጣ። በዚያው ወር ፖላንድና ሌሎች አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ፤ እንግሊዝም የሥራ ገበያዋን ወዲያው ከከፈቱት ሦስት አገሮች አንዷ ነበረች። እኔ ያኔ የሳይት ኃላፊ ነኝ፤ ጥሩ ደሞዝ፣ የራሴ ቤት፣ የራሴ መኪና። አንድ እሑድ ፎርማኑን ልጠይቅ ኪልበርን ሄድኩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ታስሯል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሻይ እየቀዳሁላቸው ብሶቴን ጀመርኩ። ፖላንዶቹ ሳይቱን አጥለቀለቁት፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ እርስ በእርሳቸው ብቻ ይበላሉ፣ በግማሽ ዋጋ እየሠሩ የነባሩን ሠራተኛ ደሞዝ ሰበሩት አልኳቸው።

አዳመጡኝ። ስኳር ጨመሩ፣ አማሰሉ።

"በግማሽ ዋጋ?" አሉ።

"አዎ።"

"ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?"

"ድርጅቱ ነዋ።"

"ወረቀቱ ላይ የሚፈርመውስ?"

ዝም አልኩ። እሳቸውም አልደገሙትም፤ ማንኪያውን አውጥተው ሳህኑ ላይ አስቀመጡና ስለ ጉልበታቸው ሐኪም ያወሩ ጀመር።

የእህቴ የልጅ ልጅ ሸክላውን ልጣለው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አልጣልኩትም። ዘፈኑ እርጥብ ክፍሌ ውስጥ አብሮኝ አድሯል፤ ሰውዬውን ደግሞ የምርጫ ካርዴን ስሞላ አማክሬው አላውቅም፣ እናንተም አታማክሩት፤ እኔንም ቢሆን። የጠየቀችኝን ያህል ግን እኔን ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከኪልበርን በተመለስኩ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቢሮዬን ከፈትኩና የቅጥር ፋይሉን አወጣሁ። አሥራ አራት ስም አለበት፤ አንዱንም በትክክል ማንበብ አልቻልኩም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሰዓት ክፍያው ተጽፏል፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። እኔ እስከ ዛሬ የምፈርመው በአማርኛ ነው።