ያረረውን አትፋቁት

ባለፈው ሳምንት አንድ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ማከማቻችን ሞልቷል። ጌጥ የሌላቸውን ገሎች ብንጥል ምን ችግር አለው?» ነው የሚለው። ገል የሚለው በቁፋሮ የሚወጣውን የሸክላ ስባሪ ነው። ስልኬን አንስቼ መልስ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። ደግሜ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ስል ቆየሁ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ይህንኑ ጠይቄ፣ «ምንም ችግር የለውም» ተብዬ፣ እፎይ ብዬ ስለጣልኩ ነው።

እና ጉዱን ልንገራችሁ።

ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ገል ማጠብ የጀማሪ ሥራ ነው። አለቆቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ፣ እኛ ዳስ ሥር ባልዲና የጥርስ ብሩሽ ይዘን እንቀመጣለን። ውሃው ጠዋት በረዶ ነው፣ ከሰዓት ጭቃ። እኔ ግን እወደው ነበር። የታጠበ ገል ወንፊት ላይ ተደርድሮ ሲደርቅ ሳይ፣ አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ ይመስለኛል። በንጽሕና ማንም አይደርስብኝም። አለቃችን ሌሎቹን «እንደ እሱ እጠቡ» ሲላቸው ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቀን ከአንድ ጥልቅ የቆሻሻ ጉድጓድ ሥር አንድ ከረጢት መጣ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ አንድም ጌጥ የሌለው ገል። የማብሰያ ማሰሮ ሆድ መሆኑ ያስታውቃል፣ ከውጭ ጥቀርሻ ለብሷል። ከውስጥ ደግሞ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቆበታል። ውፍረቱ የጥፍር ያህል ነው፣ ላዩ እንደደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ገል ላይ ቅርፊቱ በአግድም ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ያበቃል። ከዚያ በላይ ምንም የለም። ዛሬ ሳስበው ያ መስመር ማሰሮው ውስጥ የነበረው ነገር እስከየት ሞልቶ እንደነበር የሚያሳይ ነው። ያኔ ግን የታየኝ ብሩሽ የማያስለቅቀው እድፍ ብቻ ነበር። ቢላ አመጣሁ።

አጠገቤ አብረውን የሚያጥቡ አንድ እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜ ልካቸውን ድስት ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቢላውን ሲያዩ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ እኮ አፈር አይደለም፣ ያረረ ነው» አሉኝ። «ያረረም ቢሆን መጽዳት አለበት እማማ» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ተው እንጂ፣ ምን እንደነበረ ሳታውቅ?» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

11 ገል ፋቅኩ። ቅርፊቱ ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ፣ ማታ ከዳሱ ኋላ ደፋሁት። በማግስቱ ገሎቹ ተቆጠሩ፣ ተመዘኑ፣ መዝገብ ላይ «ሆድ፣ ጌጥ የለውም፣ 11» ተብሎ ተጻፈ። ማስቀመጫ ቦታ አልነበረንም። አለቃዬን ብጠይቀው ምን ችግር አለው አለኝ። ቁፋሮው አልቆ ጉድጓዱ ሲደፈን አሥራ አንዱም አብረው ተቀበሩ። ዛሬ በቦታው ላይ መንገድ አልፎበታል።

ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ጉድጓድ ዕድሜ ክርክር ተነሳ። የወጣው ከሰል ሁለት የማይታረቅ ዕድሜ ሰጠ። አይጥ ስለቆፈረበት ከላይኛው ንብርብር የወረደ ከሰል ተቀላቅሎበታል። ላቦራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ ደወለችልኝና «ውስጡ ያረረ ነገር ያለበት ገል አለህ? እሱ ማሰሮው ላይ የተጣበቀ ስለሆነ አይሳሳትም» አለችኝ። የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ «በጣም በደንብ ታጥቧል» ይላል። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። «አለህ?» አለች። «አይሰማም፣ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት።

ያ ቅርፊት ምን ነበር? ያረረ ምግብ ካርበን ነው፣ ስለዚህ ዕድሜው በካርበን 14፣ ጊዜ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ በሚሄድ የካርበን ዓይነት፣ ይለካል። (ጓደኛዬ አይሳሳትም ስትል ትንሽ አጋናለች። ማሰሮው ዓሣ የተቀቀለበት ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ ያለው ካርበን ያረጀ ስለሚሆን፣ ዕድሜው ከእውነተኛው በልጦ ሊታይ ይችላል።) በማይክሮስኮፕ ደግሞ የእህል ስታርች ሊገኝበት ይችላል። ስቡም ቅርፊቱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ሸክላው ግድግዳ ይሰርጋል። እኔ የናቅኩት ጌጥ የለሽ ማሰሮ የሚፈለገው ለዚሁ ነው፣ ያጌጠው ብዙ ጊዜ እሳት ላይ አይጣድማ። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የተገኙ ከ2,200 የሚበልጡ የሸክላ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ሰዎች ከ8,000 ዓመት በፊት ወተት ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል፣ በተለይ ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ቱርክ በምንለው አካባቢ። ይህን ያወቁት ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ከቀረ ስብ ነው። በ2020 ደግሞ ይኸው የሰረገ ስብ ወጥቶ በካርበን 14 ሊለካ እንደሚችል ታተመ። ያን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅርፊቱን ፍቄም ቢሆን ገሎቹን ብቻ ባስቀምጣቸው ኖሮ ገና ተስፋ ነበረ።

«ያኔ ዘዴው አልነበረም፣ ምን ታደርግ» የሚሉኝ አሉ። አመሰግናለሁ፣ ግን አልጽናናም። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ ካርበን 14 እንኳ አልነበረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ውስጥ 900 ያህል መቃብሮችን በቅደም ተከተል ያሰለፈው በሸክላ ዕቃ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን መቃብር ዕቃ በአንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፍና ቁራጮቹን እያፈራረቀ ያስተያያል። አንድ ዓይነት ማሰሮ ነበር፣ መጀመሪያ ጎኑ ላይ እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ እጀታ ያለው። እየቆየ እጀታው እየሳሳ ሄደ፣ መጨረሻ ላይ ለመያዣ የማይሆን መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። ፒትሪ ቅደም ተከተሉን ከ30 ጀምሮ እስከ 80 ቆጠረው። ከ1 እስከ 29 ያለውን ባዶ ተወው፣ ወደፊት የቀደመ ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ። እኔ በ25 ዓመቴ ለማንም ባዶ ቦታ አልተውኩም።

ሮም ውስጥ ደግሞ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። ኮረብታው ከሞላ ጎደል በሙሉ የተሰበረ የዘይት እንስራ ነው። አብዛኛው ከዛሬዋ ደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት ይዞ የመጣ ነው። ዘይት የጠጣ ሸክላ ስለሚገማ መልሶ መጠቀም አይመችም፣ ስለዚህ እየሰበሩ ቆለሉት። ክብደቱና የነጋዴው ስም በቀለም ተጽፎበት ነበር፣ ዛሬም የሚነበብ አለ። ደግነቱ ያኔ እንደ እኔ ያለ አጣቢ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጣት አሻራ ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቻኮ ካንየን አካባቢ የተገኙ ተራ የማብሰያ ማሰሮዎች ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን በጣት እየጫኑ ስላያያዙት አሻራቸው ቀርቷል። የወንድ አሻራ መስመሮች በአማካይ ከሴት ይሰፋሉ። በ2019 የታተመው ጥናት መስመሮቹን ለክቶ፣ የሴት ብቻ ሲባል በኖረው ሥራ ወንዶችም በብዛት እንደነበሩበት አሳየ። ይሄም የተገኘው ማንም በማይጓጓለት ማሰሮ ላይ ነው።

ስለ መለያ ወረቀት ልመክራችሁ ነበር፣ ግን መምህሮቻችሁ ስለሚነግሯችሁ ልለፈው። በእርሳስ ጻፉ ብቻ፣ እስክሪብቶ ይሟሟል። አንድ ክረምት ማከማቻው አፍስሶ የከረጢቶቹ ጽሑፍ ሁሉ ሲጠፋ፣ አንድ ትልቅ ሰው ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ገል ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጋል? ልለፈው ብዬ አላለፍኩትም፣ ይቅርታ።

ስለ ዛሬ ልጆች አንድ ቅሬታ አለኝ። ኮምፒውተር ላይ ገሉን በሦስት አቅጣጫ ታሽከረክሩታላችሁ፣ በእጃችሁ ግን አትይዙትም። ስብራቱን እስቲ በጥፍር ነካ አድርጉት። ይፈረፈራል ወይስ እንደ ደወል ይጮኻል? መሃሉን እዩት። ውጩ ቀይ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ከሆነ እሳቱ ቶሎ አልቋል ወይም አየር አልበቃውም፣ ጭቃው ውስጥ የነበረው ገለባና ሥር ተቃጥሎ ሳያልቅ ቀርቷል። ይሄን ስክሪን ላይ ማየት ይቻላል ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ግን ደግሞ... እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የእናንተ ስልክ ቢኖር ኖሮ ከመፋቄ በፊት ያን ቀጥ ያለ መስመር አነሳው ነበር። ስለዚህ አንሱ፣ መቶ ጊዜ አንሱ። ከዚያ ግን ያዙት።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ማከማቻው መሙላቱ እውነት ነው። ሁሉንም አስቀምጥ ማለት ቀላል ነው፣ መደርደሪያ ለማይፈልግ ሰው። እኔ ራሴ ከዚያ ታሪክ በኋላም ሁለት ጊዜ ገል ጥያለሁ፣ ሁለተኛው ጊዜ ብዙ ነበር። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ናሙና አስቀርቼ ነው፣ ግን ናሙናው ይበቃል አይበቃም ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ስለዚህ «አትጣል» ልለው አፍ የለኝም፣ «ጣል» ልለውም አልችልም።

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «እስክመጣ ምንም አትጣል። ያልታጠበ ካለም አትጠብ።» ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን እንለያለን። አጉሊ መነጽር፣ ሚዛንና አልሙኒየም ፎይል እንዲያዘጋጅ ነግሬዋለሁ። «ፎይሉ ለምንድነው ጋሼ?» ብሎኛል። ያረረውን ለመጠቅለል ነው፣ ፕላስቲክ የራሱን ኬሚካል ያስተላልፍበታል። ይሄን በጽሑፍ አላስረዳሁትም፣ ቅዳሜ ያየዋል። ደብተሬንም ይዤለት እሄዳለሁ፣ ያቺን የተሰመረባትን ገጽ ራሱ ያንብባት።