ሌሊት ባዶውን የሚያድር የናሙና ጠርሙስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በፍሳሽ ማጣሪያ መግቢያ ላይ ለቫይረስ ክትትል በየሰዓቱ ናሙና የሚቀዳ መሣሪያ አለን። የቀኑ ጠርሙሶች ይሞላሉ፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያሉት ባዶ ወይም ሩብ ሆነው ይገኛሉ። መቆጣጠሪያ ቦርዱን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። የፓምፑን ፎቶግራፍ ልከንልዎታል።

መልስ፦ ቦርዱን ባትነኩት ይሻል ነበር። ሰዓት ለይቶ የሚታመም ቦርድ አላጋጠመኝም። ሌሊት ሰው ሲተኛ የፍሳሹ ከፍታ ይወርዳል፤ ፓምፑም ከወትሮው ጠልቆ መቅዳት ይኖርበታል። ጥርጣሬዬ በፓምፑ ራስ ውስጥ ባለችው አጭር ቱቦና በመሳቢያው መስመር መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ጉድጓዱ አትውረዱ፤ አንገታችሁንም አታስገቡ። ከፍሳሽ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቱቦውን ከላይ ሆናችሁ ጎትታችሁ አውጡት።

ብዙ ባለሙያ የሚስተውን አንድ ነገር ላብራራ። ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያመጣም። ከቱቦው ውስጥ አየር ያስወጣል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በፍሳሹ ገጽ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያነሳል፤ ያውም በቱቦው ውስጥ ቅንጣት አየር ካልቀረ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጣሪያው ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል የተለካ የመሣሪያ መመሪያ ካጋጠማችሁ ሩቡን ቀንሳችሁ አንብቡት። ቆላ ላይ እምብዛም የማትጎዳ ቀዳዳ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙስ ባዶ ታሳድራለች።

ፎቶግራፉ አናዶኛል። ከእናንተ በፊት የጠገነው ሰው የሲሊኮኑን ቱቦ አውጥቶ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስገብቷል! ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሮለሩ (በፓምፑ ራስ ውስጥ እየተሽከረከረ ቱቦውን የሚጨምቀው ክፍል) ሲጫነው ተጣብቆ ይቀራል፣ ተመልሶ አይነፋም። መገጣጠሚያውን ደግሞ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ናስትሮ ጠብታ ይይዝ ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ አየርን ግን አይከለክልም።

ኃይሉን አቋርጡ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ውስጣዊ ስፋቱና የግድግዳው ውፍረት ከመመሪያው ጋር የሚመሳሰል የሲሊኮን ቱቦ አስገቡ። ናስትሮውን ልጣችሁ በማይዝግ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ። መስመሩ የትም ሳይረግብ ወደ ታች ያዘቅዝቅ፤ በረገበ ቦታ የተኛ የቀደመ ፍሳሽ ከአዲሱ ናሙና ጋር ይቀላቀላል። ትርፉን ቆርጣችሁ አሳጥሩ። መሣሪያው እያንዳንዱን ናሙና ከመቅዳቱ በፊትም ቱቦውን በአየር እንዲያጸዳ አስተካክሉት።

ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው ሥራ ነው። በፖሊዮ ቫይረስ ከተያዙ 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሳያውቁት ቫይረሱን ከሰገራቸው ጋር ያስወጣሉ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ቫይረሱን ያገኘችው አንድም ሰው ሽባ ሳይሆን፣ በፍሳሽ ናሙና ነው።

ሙከራውን ሌሊት፣ ፍሳሹ ዝቅ ባለበት ሰዓት አድርጉና መጠኑን በመለኪያ ብርጭቆ አረጋግጡ። በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ያኔም ወደ ጉድጓዱ አንገት አይገባም። እስካሁን የላካችኋቸው ናሙናዎች የሌሊቱ ውሃ እንደጎደላቸውም ለላቦራቶሪው በጽሑፍ አሳውቁ።