የመርሳት በሽታና የአንጎል ምስል፦ ጥያቄና መልስ

የአንጎል ምስሎችን የማነብ ሐኪም ነኝ፤ ቤተሰቦች ስለ መርሳት በሽታ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ወጡ ላይ ጨው መጨመሯን ረስታ እንደገና ትጨምራለች። ኤምአርአይ ተነሥታ ውጤቱ «ለዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው» ተባልን። በሽታው የለባትም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤምአርአይ የሚያሳየን የአንጎልን ቅርፅ እንጂ እናትዎ በየዕለቱ ምን እንደተሳናቸው አይደለም። ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት የሆነው አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የተባለውን፣ አዲስ ነገር ለመያዝ የምንጠቀምበትን የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ ይህ ክፍል ምን ያህል እንደሳሳና በዙሪያው ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሰፋ አይተን ከ0 እስከ 4 ነጥብ እንሰጣለን። ከ75 ዓመት በታች ላለ ሰው 2 እና ከዚያ በላይ ከጤናማው የወጣ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሆኖም ሕመሙ ገና የጀመረው ሰው 0 ወይም 1 ሊያገኝ ይችላል። የጨውን ነገር ለሐኪማቸው ይንገሩልኝ፤ ከምስሉ ያላነሰ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምስሉ ለምን ይታዘዛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ሊታከም የሚችል ነገር እንዳያመልጠን ነው። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ አረጋዊ፣ በአንጎላቸው ላይ ቀስ በቀስ በተጠራቀመ ደም ምክንያት ሊረሱና ግራ ሊጋቡ ይችላሉ፤ ይህን ሲቲ ስካን ያሳያል፣ ደሙ በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ብዙዎች ይሻላቸዋል። በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ፈሳሽ ሲበዛ ደግሞ ሕመምተኛው እግሩ ከመሬት የተጣበቀ ይመስል እየጎተተ ይራመዳል፤ ሽንቱንም መቆጣጠር ይቸግረዋል። የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ እጥረት ግን የሚለዩት በደም ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ጨረር አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ሲቲ ስካንና ፔት ስካን ግን አላቸው።

ጥያቄ፦ ፔት ስካን ብናስነሣ ቁርጡን አናውቅም?

መልስ፦ አንዱ ዓይነት ፔት ስካን አንጎል ስኳርን የት የት በደንብ እንደማይጠቀም ያሳያል፤ ሌላው አሚሎይድ የተባለውን የፕሮቲን ክምችት ያሳያል። ለሁለተኛው የሚያገለግል ፍሎርቤታፒር የተባለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ችግሩ አሚሎይድ መርሳት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት መከማቸት የሚጀምር ከመሆኑም በላይ አእምሯቸው ንቁ በሆነ አረጋውያንም ላይ መገኘቱ ነው። ስለዚህ አለመኖሩ አልዛይመርን ለማራቅ በእጅጉ ይረዳል፤ መኖሩ ግን ብቻውን ቁርጡን አይነግረንም። ምልክት ለሌለው ሰው እንዲታዘዝ አልመክርም።

ጥያቄ፦ አባቴ በቅርቡ ከአገር ቤት አሜሪካ እኔ ዘንድ መጡ። የማስታወስ ፈተናው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ፤ ምስሉ ግን ደህና ነው። የቱን እንመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈተናው እንዴት እንደተሰጠ ይጠይቁ። በሰኔ 2024 «ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ተብለው «2016» ያሉ አባት በራሳቸው አቆጣጠር ትክክል ናቸው፤ መርማሪው ግን ስምንት ዓመት እንደሳቱ ይቆጥርባቸዋል። ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት በፈረንጅ ሲሆን «ሦስት ሰዓት» ቢሉም እንዲሁ ነው። እርሳስ ይዘው የማያውቁ ሰው የሰዓት ወይም የኪዩብ (የሳጥን ቅርፅ) ሥዕል «ይሳሉ» ሲባሉ ቢቸገሩ የአንጎል ድካም ነው ማለት አይቻልም፤ ሞካ በተባለው የ30 ነጥብ ፈተና ላይ ለትምህርት ማነስ የሚጨመረው 1 ነጥብ ብቻ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የምስሉ ደህና መሆንም ቢሆን ስለ እናታቸው ለጠየቁት እንዳልኩት፣ በሽታው እንደሌለ አያረጋግጥም። አቆጣጠራችንን በሚያውቅ አስተርጓሚ እንደገና እንዲፈተኑ ይጠይቁ፤ ገንዘብ ቆጥረው ይመልሱ እንደሆነ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዱ እንደሆነ፣ ይህም ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ አገር ቤት አብረዋቸው የኖሩትን ጠይቀው ጽፈው ይውሰዱ።